ከባሏ ሸሽታ ለወጣች እህቴ የትኛው የድረሱልኝ ቁልፍ ይሻላል?

ወንድም ከዳላስ፦ ታናሽ እህቴ የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባሏ ስለሚደበድባት ልጇን ይዛ ከወጣች ወራት አልፈዋል፤ የፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዝም አላት። ከሥራ የምትወጣው ግን እኩለ ሌሊት ላይ ነው። መኪናዋን አቁማ እስከ ሕንጻው በር ያለችውን አጭር መንገድ በፍርሃት ነው የምታልፋት። የድረሱልኝ ቁልፍ፣ ማለትም በአደጋ ጊዜ እርዳታ የሚጠሩበትን ትንሽ መሣሪያ፣ ልገዛላት አስቤ ገበያው አደናገረኝ። በእውነት የሚረዳት የትኛው ነው?

አስተርጓሚዋ፦ በፍርድ ቤት ለብዙ እህቶቻችን አስተርጉሜያለሁና የማውቀውን ልንገርህ። ርካሹ፣ ቀለበቱ ሲነቀል ጆሮ የሚበጥስ ድምፅ የሚያወጣው ነው። ጎረቤት ይቀሰቅሳል፣ አጥቂውን ያስደነግጣል፤ ለማንም ግን አይደውልም። በብሉቱዝ የሚሠራው የስልኳ ጥገኛ ነው፤ ስልኩን ነጥቆ ቢሰብረው ቁልፉ እጇ ላይ ቢኖርም ከንቱ ነው። ለእሷ የሚሻላት የራሱ ሲም ካርድ ያለው፣ ሲጫኑት በማዕከል ያለ ሰው የሚያነሳውና ያለችበትን ቦታ የሚያየው ነው። ወርሃዊ ክፍያ አለው፤ ባትሪው ካልተሞላም ከጌጥ አይሻልም። ከመክፈልህ በፊት ማዕከሉ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደሚያቀርብ ጠይቅ። ለ911 ስትደውልም አስቀድማ አድራሻዋን፣ ቀጥላ «አምሃሪክ» ብላ የቋንቋዋን ስም ትናገር፤ አስተርጓሚ በስልክ ያስገቡላታል።

ስልክ ጠጋኙ፦ ወንድሜ፣ ከቁልፉ በፊት የስልኳ ውል በማን ስም እንደሆነ እይ። በባሏ የቤተሰብ ውል ውስጥ ካለች የደወለችላቸውን ቁጥሮች ሊያይ ይችላል። በ2022 የወጣ የፌዴራል ሕግ፣ ጥቃት የደረሰባት ሴት ማስረጃ አያይዛ ስትጠይቅ የስልክ ኩባንያው በ2 የሥራ ቀናት ውስጥ መስመሯን ከእሱ ውል እንዲለይላት ያስገድዳል። የጥበቃ ትእዛዙ ቅጂ ማስረጃ ይሆናታል።

አይፎን ከሆነ የጎን ቁልፉንና የድምፅ ቁልፉን አንድ ላይ ተጭና ብትይዝ ለ911 ይደውልላታል፤ ቀጥሎም ለአደጋ ጊዜ ተጠሪዎቿ ያለችበትን ቦታ ይልካል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ! በትዳር ዘመን የተሞላው የተጠሪ ስም የባል ነው፤ ብዙዎች ሳያጠፉት ይቀራል። ድረሱልኝ ስትል አድራሻዋን ለራሱ ለአጥቂው ትልካለች ማለት ነው። ቅንብሩ (Settings) ውስጥ ባለው የደህንነት ፍተሻ (Safety Check) ደግሞ ቦታዋን የሚያይ ማን እንደሆነ ትመልከት።

ያለፈባት፦ እኔም በዚህ መንገድ አልፌያለሁ። ቁልፉን ቦርሳ ውስጥ እንዳታስቀምጠው፤ በጭንቅ ሰዓት ቦርሳ ተከፍቶ አይፈለግም። እኔ በካፖርቴ ኪስ ውስጥ ጣቴን ቀለበቱ ላይ አድርጌ ነበር ከመኪና የምወርደው። ድፍረት ሰጥቶኛል፣ እንቅልፍም መልሶልኛል። ሌላው፣ ሽማግሌ ይላካል፤ «እናስታርቃችሁ» ብለው አድራሻ ይጠይቃሉ። ክፋት ባይኖራቸውም ለማንም እንዳትሰጥ። ዕርቅ ከፈለጉ በአንተ ስልክ ያናግሯት።

አስተርጓሚዋ፦ ትክክል ብላለች። መኪናዋ ውስጥ ወይም የልጇ ቦርሳ ውስጥ ያለችበትን ቦታ የሚጠቁም መከታተያ መሣሪያ ካገኘች አውጥታ እንዳትጥለው፤ ባለበት ፎቶ አንስታ ለፖሊስ ታሳይ። መከታተያው ሲጠፋበት እሱ ሊቆጣና ሊመጣ ስለሚችል መጀመሪያ ከባለሙያ ጋር ትምከር። የአገር አቀፉ የቤት ውስጥ ጥቃት መስመር 1-800-799-7233 ቀንም ሌሊትም ይሠራል፤ ክፍያ የለውም። እሱ በማያየው ስልክ ትደውል።

ወንድም ከዳላስ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስልኳን በቪዲዮ እያየሁ አብረን ፈተሽነው፤ ከተጠሪዎቿ ውስጥ የመጀመሪያው ስም የእሱ ነበር። አጥፍተን የእኔንና የሥራ ባልደረባዋን አስገባን። ለስልክ ኩባንያው የምታመለክተው ሰኞ ነው። የራሱ ሲም ያለውን ቁልፍ እገዛላታለሁ።

ስልክ ጠጋኙ፦ ቁልፉን በአንተ ስምና በአንተ ካርድ ክፈል፤ የጋራ የባንክ ሒሳብ ካላቸው ክፍያው ለባሏ ይታያል።