አስቸኳይ፦ የራግቢ ሁከሬ ውርወራ ጠፋ፣ ምልመላው 12 ቀን ቀርቶታል

ሁለት ቁጥር (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ፣ ቶሎ የምትመልሱልኝ ካላችሁ እባካችሁ። ከ18 ዓመት በታች የአካዳሚ ምልመላ 12 ቀን ቀርቶናል። ሁከሬ (ሁለት ቁጥር ለብሶ ኳስ የሚወረውረው) ላይንአውት ላይ፣ ማለትም ኳስ ከሜዳ ከወጣ በኋላ ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈው ለኳሱ በሚዘሉበት ጊዜ፣ ኳስ ቀጥ አድርጎ መወርወር አቅቶታል። ከሁለት ወር በፊት ከ10 ውርወራ 8ቱ ቀጥ ይሉ ነበር፣ አሁን 4 ከሄዱለት ጥሩ ነው። ኳሱ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ከኋላ ለሚዘለው ሲሆን ጭራሽ አይደርስም። አያያዙን ቀየርኩለት፣ የእግሩን አቋም ቀየርኩለት፣ በቀን 150 ጊዜ እያስወረወርኩት ነው። ባሰበት። ምን ልቀይርለት?

ዝላይ
ቀኝ ነው ግራኝ? ከፊት ለሚዘለውም ኳሱ ይጣመማል ወይስ ለመሐልና ለኋላው ብቻ? ከኋላው ቆመህ በስልክ ቅረጸው። ከጎን የተቀረጸ ቪዲዮ ክርኑን ያሳያል እንጂ ኳሱ የት እንደሚጣመም አያሳይም።

ሁለት ቁጥር (ጠያቂ)
ቀኝ ነው። ለፊተኛው ደህና ነው፣ ከ8 ሜትር በላይ ሲሆን ነው የሚበላሸው።

ቀጥታ መስመር
እንግዲያው ነገሩ ከግራ እጁ ነው። ቀኙ ከኳሱ ኋላ ሆኖ ኃይል ይሰጣል፣ ግራው ይመራል። ርቀት ሲጨምር ልጁ ኃይሉን ሁሉ ከቀኙ ይፈልጋል፣ ግራው ቀድሞ ይለቃል፣ ቀኙም ደረቱን አቋርጦ ወደ ግራ ያልቃል። ኳሱም ተከትሎት ይሄዳል።

እንዲህ አድርግ፦ አንበርክከው፣ 5 ሜትር ርቆ የጎሉን ቋሚ ብረት እንዲመታ። ሲንበረከክ እግሩ ስለማይረዳው የእጁ ስህተት ወዲያው ይታያል። ኳሱ ከወጣ በኋላ ሁለቱም መዳፎች ወደ ብረቱ እያመለከቱ መቅረት አለባቸው፤ አንዱ ቀርቶ አንዱ ከሄደ ያ ውርወራ አይቆጠርም። ከ10ሩ 8ቱን ሲመታ ቁሞ 7 ሜትር፣ ከዚያ 10። ክርኖቹ ከጆሮው ሳይርቁ ወደ ፊት ይጠቁሙ። በጠመኔ ወይም በገመድ መሬት ላይ መስመር ስራለት፣ አንድ እግሩ በመስመሩ በአንዱ ወገን፣ ሌላው በሌላው ወገን ይሁን። ደግሞ ከመልቀቁ በፊት እግሩ ወደ ሜዳ እንዳይገባ ተጠንቀቅ፤ ርቀት ያጠረው ልጅ ሳያውቀው ይራመዳል፣ ዳኛም ይነፋበታል።

ኳስ ያዥ
ኳሱ በመጠን ቁጥር 4 ነው 5? አየሩስ? ሕጉ ከ65.71 እስከ 68.75 ኪሎፓስካል ይላል፤ ለልምምድ የሚወጡት ኳሶች ብዙ ጊዜ ላላ ያሉ ናቸው። በላላ ኳስ የለመደ ልጅ በምልመላው ቀን ጠንካራ ኳስ ሲሰጠው ከእጁ ያመልጠዋል።

ሁለት ቁጥር (ጠያቂ)
5 ነው፣ አየሩም ደህና ነው።

ጋሽ ስክረም
ልጆቼ፣ ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ግን ከሥሩ እንጀምር። በላይንአውት ወርዋሪው የሚወረውረው በሁለቱ ቡድኖች መካከል ባለው የአንድ ሜትር ክፍተት ነው። ኳሱ 5 ሜትር መስመር ላይ ሳይደርስ ማንም መንካት የለበትም፤ የላይንአውቱ ማብቂያ ደግሞ 15 ሜትር መስመር ነው። ስለዚህ ሁከር ሦስት ውርወራ ያስፈልገዋል፦ ለፊተኛው ፈጣንና ዝቅ ያለ፣ ለመሐለኛው መጠነኛ ቅስት ያለው፣ ለኋለኛው ከፍ ብሎ ከተጋጣሚው ዘላይ እጅ በላይ የሚያልፍ። ሦስቱን በአንድ ኃይል የሚወረውር ልጅ ገና ሁከር አልሆነም። ኃይሉ የሚመጣው ከክንድ ሳይሆን ከጉልበትና ከዳሌ ነው። ትንሽ ሸብረክ ይላል፣ ይነሣል፣ ዳሌው ወደ ፊት ይሄዳል፣ ሆዱ ይጠነክራል፣ ክንዱ መጨረሻ ላይ ይከተላል። ያንተ ልጅ ለኋለኛው ካልደረሰለት በክንዱ ብቻ እየወረወረ ነው ማለት ነው። ወጣት ተጫዋች ይህን በሁለት ሳምንት አይማረውም፣ በሁለት ዓመት እንጂ። የዛሬ አሠልጣኞች ችኮላ ደግሞ…

ሁለት ቁጥር (ጠያቂ)
ጋሼ፣ እውነት ነው፣ ግን 12 ቀን ነው ያለኝ። ሁለት ዓመት የለኝም።

መዳፍ
አንበርክከው፣ የጎሉን ብረት ያስመታ። ሁለቱም እጅ ወደ ዒላማው። ይህ ነው መፍትሔው።

ዝላይ
ያ ከላይ ተብሏል፣ መዳፍ :) ብረቱ እስኪታጠፍ ልናስመታው ነው መሰለኝ።

ፊዚዮ
ይቅርታ፣ ማንም ያልጠየቀውን ልጠይቅ። ዕድሜው ስንት ነው? ባለፉት ስድስት ወራት ስንት ሴንቲሜትር ጨመረ? የሚያመው ነገር አለ?

ሁለት ቁጥር (ጠያቂ)
16 ሊሞላ ነው። ቁመቱ አዎ፣ በዚህ ዓመት ቶሎ ነው የረዘመው፤ ባለፈው 5 ወር ብቻ 6 ሴንቲሜትር። ጉልበቱን ያመዋል ይላል፣ ከሎሚው በታች ያለውን አጥንት። ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ለመወርወር ጉልበት አያስፈልግም።

ፊዚዮ
ሌላ ጉዳይ አይደለም፤ ጋሼም ኃይሉ ከጉልበትና ከዳሌ ይመጣል ብለዋል። ጉልበቱ ያመመው ልጅ ሸብረክ ብሎ መነሣቱን ይተዋል፣ የጎደለውን ኃይል ከቀኝ ክንዱ ይፈልጋል። ኳሱ ለኋለኛው የማይደርሰውም ወደ ግራ የሚሄደውም በዚሁ ነው።

ሁለተኛው ነገር እድገቱ ነው። ወንድ ልጅ በጣም የሚረዝመው በአማካይ 14 ዓመት አካባቢ ነው፤ የእናንተው ዘግይቶ የጀመረ ይመስላል። ክንድና እግር ከግንዱ ቀድመው ይረዝማሉ፣ ቅንጅቱ ለጥቂት ወራት ይጠፋል። የተማረውን አልረሳም፣ አካሉ ነው የተለወጠበት። አያያዙንና እግሩን በየሳምንቱ ስትቀይርለት ሊላመደው የሚችል ቋሚ ነገር አሳጣኸው።

ሕመሙ በገለጽከው ቦታ ከሆነ በእድገት ላይ ባሉ ስፖርተኛ ልጆች ላይ የተለመደው ኦስጉድ ሽላተር ሊሆን ይችላል። የጭኑ ጡንቻ ጅማት ገና ያልጠነከረውን አጥንት እየጎተተ ነው የሚያመው። ሐኪም ይየው። መገጣጠሚያው ካበጠ፣ ሌሊት ካመመው ወይም እያነከሰ ከሄደ ደግሞ ቀን አትጠብቅ።

አታንበርክከው! ያመመው አጥንት ላይ ነው የሚያርፈው። ያንኑ ልምምድ ሣጥን ወይም አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሥራው፣ ጥቅሙ አንድ ነው።

በቀን 150 ውርወራ ዛሬውኑ ይቁም። ቀን እየዘለለ፣ በአንድ ጊዜ ከ40 የማይበልጥ፣ በ10 በ10 ተከፍሎ፣ በመሐሉ ሁለት ደቂቃ ዕረፍት። ትከሻው ሲደክም የሚለማመደው ስህተቱን ነው። ከምልመላው በፊት ባሉት ሁለት ቀናት 15 ይበቃዋል። ሩጫውንና ዝላዩን በሕመሙ ልክ ቀንስለት፤ ከልምምድ በኋላም ሆነ በማግስቱ ጠዋት ከባሰበት በዝቷል ማለት ነው።

ቀጥታ መስመር
ትክክል ነው፣ ጉልበቱን ሳልጠይቅ አንበርክከው ማለቴ ስህተት ነበር። አያያዙን ከሁለት ወር በፊት ወደነበረው መልስለትና ከዚያ በኋላ አትንካው።

ሰባት ቁጥር
እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። በ16 ዓመቱ ሁከር ብቻ ነው ያለው ማን ነው? በ5 ወር 6 ሴንቲሜትር የጨመረ ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ ፍላንከር ወይም ሎክ (ሌሎች የራግቢ ቦታዎች) ሊወጣው ይችላል። አርጀንቲናን በ2015 የዓለም ዋንጫ በአምበልነት የመራው ሁከሩ አጉስቲን ክሬቪ ፍላንከር ከሚሰለፍበት የኋላ ረድፍ ጀምሮ ነው ወደ ሁለት ቁጥር፣ ወደ ሁከር፣ የመጣው። ልጁን በአንድ ውርወራ አትለካው።

ሁለት ቁጥር (ጠያቂ)
ቅጹ ላይ ሁከር ተብሎ ተመዝግቧል፤ በዚያ ነው የሚያዩት።

ሰባት ቁጥር
ቅጹ ላይ ሁለተኛ ቦታ ይጻፍለት። ካልተቻለ በመጀመሪያው ቀን ራሱ ለአሠልጣኙ ይንገር፦ «ሁከር ነኝ፣ ፍላንከርም እጫወታለሁ»።

ጋሽ ስክረም
ሰባት ቁጥር እውነት ብሏል። መራጭ የሚያየው ሌላም አለ። ታክል (ኳስ የያዘውን ይዞ መጣል) ላይ ጭንቅላቱ ከተጋጣሚው ኋላ ወይም ጎን ነው ወይስ ፊት ለፊቱ? ከወደቀ በኋላ በስንት ሰከንድ ይነሣል? በግራም በቀኝም ያቀብላል? ስክረም (የሁለቱ ቡድኖች ተጫዋቾች ተያይዘው የሚገፋፉበት) ላይ ከ19 ዓመት በታች መግፋት የሚቻለው እስከ 1.5 ሜትር ብቻ ነውና ጉልበት ከማሳየት ጀርባውን ቀጥ አድርጎ መያዙ ይበልጥበታል። ጉልበቱን ሳይጎዳ እነዚህን በየቀኑ 20 ደቂቃ መሥራት ይችላል።

ዝላይ
አንድ የተረሳ ነገር። በምልመላው ቀን የሚወረውረው ለማያውቃቸው ዘላዮች ነው። አስቸጋሪ ጥሪ (ለማን እንደሚወረወር የሚነገርበት የምስጢር ቃል) አያስፈልገውም። ከመጀመሩ በፊት ሁለቱን ዘላዮች ቀርቦ ይጠይቃቸው፦ ስትዘል ፈጣን ነህ ወይስ ትቆያለህ? እጅህ የት ድረስ ይደርሳል? ምልክቱ ምንድን ነው? ከዚያ አምስት አምስት ውርወራ ለማሟሟቂያ ይለምናቸው። ምርጫ ሲሰጠው ፊተኛውን ይምረጥ፣ እሱ እየሄደለት ነው። የኋለኛውን ካዘዙት ብቻ።

ብዙ «ጠማማ» የሚባል ውርወራ ደግሞ የጊዜ ችግር ነው። ዘላዩ ቀድሞ ተነሥቶ ሲወርድ ወርዋሪው ለማስተካከል ኳሱን ይጎትታል። ወርዋሪውና ዘላዩ በአንድ ምልክት ይነሡ፤ የዘላዩ እግር ከመሬት ሲለቅ ኳሱም ከእጅ ይልቀቅ።

መዳፍ
ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ሁለቱም እጅ ወደ ዒላማው :)

ሁለት ቁጥር (ጠያቂ)
እሺ፣ 150ውን ከዛሬ ጀምሮ አቆምኩ። ነገ ወንበር ይዤ እወጣለሁ። አመሰግናለሁ።

ፊዚዮ
ለጉልበቱስ ሐኪም ቀጠሮ ያዝክለት?

ፊዚዮ
ሁለት ቁጥር፣ ስምንት ቀን ሆነ። ልጁ እንዴት ነው?