ላርስ ዴንቨር ልሄድ ነው፤ የባይሰን ስቴክ እንዴት ነው የሚሠራው?

የሂርማታዋ እናት (ጅማ)

እንደምን ናችሁ ልጆች። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ልጄ ዴንቨር ነው የምትኖረው። በሰላም ተገላግላለች፣ እልል በሉልኝ። ቪዛው ተሳክቶልኝ ላርሳት ልሄድ ነው። የገንፎ ዱቄቱ ተፈጭቷል፣ በርበሬው ተዘጋጅቷል፣ ኮረሪማውን ከሐሙስ ገበያ ራሴ መርጬ ገዝቻለሁ። ያስቸገረኝ ሥጋው ነው።

አማቼ ደግ ልጅ ነው። ግን ስልኩ ላይ ያነበበውን ሁሉ ያምናል። "እማዬ፣ ለአራስ ከበሬ ሥጋ የባይሰን ይሻላል፣ ስብ የለውም፣ ብረት አለው" ብሎ ፍሪዘሩን ሞልቶታል። ፎቶ ላከልኝ። ወደ ጥቁር የሚያደላ ቀይ ሥጋ ነው፣ ሁለት ጣት የሚሆን ውፍረት ያለው። ጠርዙ ላይ ትንሽ ነጭ ነገር አለ፣ ውስጡ ግን ጥርት ያለ ቀይ ነው። ልጄ ከመውለዷ በፊት አንዱን ጠብሳው "እማዬ፣ የጫማ ሶል ሆነብኝ" አለችኝ። ውድ ነው አሉ ደግሞ። እንዲህ ያለ ሥጋ ተበላሽቶ ሲጣል አንጀቴ አይችልም።

እኔ የማውቀው የኛን በሬ ነው። ሽንጡን፣ ዳቢቱን፣ ሻኛውን ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ። ይሄን ግን አላውቀውም። ጎሽ ነው የሚሉኝ አሉ። ጎሽማ እዚሁ ከኛ በታች ጨበራ ጩርጩራ ፓርክ ውስጥ አለ፣ ማን ይበላዋል? ያመሰኳል ወይ? ጥብስ ይወጣዋል? ለአራስስ በእርግጥ ይበጃል ወይስ የአማቼ ወሬ ነው? ቋንጣ ይዤ ብሄድስ አይሻልም? የምታውቁ ንገሩኝ።

የመንደራ ልጅ (አውሮራ፣ ኮሎራዶ)

እናቴ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት! እኔም የጅማ ልጅ ነኝ። እዚህ ስቴክ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ጥያቄዎ ወደ ትክክለኛው ሰው መጥቷል።

ከቋንጣው ልጀምር፣ ሻንጣ ሳይዘጉ። አይያዙ። ከኛ አገር ሥጋ ወደ አሜሪካ ማስገባት አይፈቀድም፣ ኤርፖርት ላይ ይወስዱብዎታል። ደብቀው ከተገኙ ደግሞ ቅጣት አለው። በርበሬውንና ኮረሪማውን ሲጠየቁ ይናገሩ፣ ያሳዩ። ቋንጣውን እዚህ ከዚሁ ከባይሰኑ ይሠሩታል። ስብ የሌለው ሥጋ ለቋንጣ ተመራጭ ነው፣ ቶሎ የሚበላሸው ስቡ ነውና። የዚህ አገር ነባር ሕዝቦችም ይሄንኑ ሥጋ አድርቀው፣ ወቅጠው፣ ከቀለጠ ስብ ጋር እየለወሱ ለክረምት ያስቀምጡት ነበር። ፔሚካን ይባላል። አንዳንዴ የዱር ፍሬም ይጨምሩበታል።

ጎሽ አይደለም። አሜሪካኖቹ ራሳቸው በልማድ ቡፋሎ ስለሚሉት ነው ሰው የሚደናገረው። የኛ ጎሽ የአፍሪካ ነው፣ ባይሰን የሰሜን አሜሪካ ሜዳ እንስሳ ነው። ወንዱ እስከ 900 ኪሎ ይደርሳል። ድሮ በአስር ሚሊዮኖች ይቆጠር ነበር። እየገደሉ ጨርሰውት በ1880ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ከሺህ በታች ቀረ። ዛሬ ሱቅ የሚሸጠው እርባታ ላይ ያደገው ነው። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ብሔራዊ አጥቢ እንስሳችን ብለው በሕግ አወጁት፣ ስቴኩንም እየበሉ ነው። ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል። የአስተራረዱን ነገር ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩበት፣ እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም።

አሁን ወደ መጥበሻው። ልጅዎ የጠበሰችው ለምን እንደደረቀ ሳላይ መናገር እችላለሁ። እኛ ጥብስ ስንሠራ ሥጋውን ድስት ላይ ጥለን ውሃውን እስኪመጥ እንጠብቃለን። ከዚያ ነው ሽንኩርትና ቅቤ የሚገባው። ስብ ያለው የበሬ ሥጋ ይሄን ይችላል። ባይሰን አይችልም። በጡንቻው መሐል ስብ ስለሌለው ውሃው አንዴ ከወጣ የሚያለሰልሰው ነገር የለም። ከበሬ ሥጋም ፈጥኖ ይበስላል። በበሬ የለመደ እጅ ሳያስበው ያሳልፈዋል።

እንዲህ ያድርጉ። ከፍሪዘር አውጥተው ፍሪጅ ውስጥ ያሳድሩት፣ ጠረጴዛ ላይ አያቅልጡት። ከመጥበስዎ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ሲቀረው ያውጡና ጨው ነስንሰው ይተዉት። ከዚያ በወረቀት ፎጣ ጥብቅ አድርገው ያድርቁት። ላዩ ላይ እርጥበት ካለ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ከባዱን የብረት መጥበሻ ይጠቀሙ፣ አማችዎ ከሌለው ይግዛ። ዘይት ጠብ አድርገው ጭሱ ብቅ እስኪል ያግሉት። ሥጋውን ሲያኖሩት "ጭስስ" ካላለ ያንሱትና ይጠብቁ። ሁለት ሳንቲ ተኩል ውፍረት ላለው በአንድ ጎን ሦስት፣ አራት ደቂቃ ነው። አይውጉት፣ በማንኪያም አይጫኑት። ሲገለብጡት እሳቱን መጠነኛ ያድርጉትና ንጥር ቅቤ ከተፈጨ ኮረሪማና ከተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት ጋር ጣል ያድርጉ። መጥበሻውን ዘንበል እያደረጉ ቅቤውን በማንኪያ እየጨለፉ ላዩ ላይ ያፍሱ። ቅቤው መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው፣ አለዚያ ቅመሙ ያርርና ይመርራል።

ከዚያ ሳህን ላይ አውጥተው አምስት ደቂቃ አይንኩት። ይሄ ለሐበሻ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ሲቆርጡት የጡንቻውን መስመር ያዩና በአግድሙ ይቁረጡ። ሬስቶራንት ውስጥ 55 ዲግሪ አካባቢ እናወጣዋለን። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ለቤት የሚመክረው ግን 63 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፣ ከዚያ ሦስት ደቂቃ ማሳረፍ። ለአራስ ይሄኛውን ይያዙ። የሥጋ ቴርሞሜትር በየሱቁ አለ፣ በጎን በኩል ወደ መሐሉ ይሰኩት።

ጥብስ ካማረዎትም ያው ነው። መጥበሻው ቀድሞ ይጋል፣ ሥጋው በትንሽ በትንሹ ይግባ፣ ሽንኩርቱ ለብቻው ይብሰል፣ መጨረሻ ላይ ይገናኙ።

ሥጋ ቆራጩ (ጅማ)

እህቴ እንኳን ደስ አለሽ። ልጁ ያለው እውነት ነው፣ ግን አንድ ነገር ዘሎታል። የኛ ከብት እኮ ሣር ለቅሞ፣ ዳገት ወጥቶ ወርዶ የሚያድግ ነው። ካልተቀለበ ውስጡ ስብ የለውም። የኛ ስቴክ የሚጠነክርበት ሌላው ምክንያት ጠዋት ታርዶ ቀን ስለሚበላ ነው። ሥጋ ታርዶ ሲቀዘቅዝ ይገታተራል፣ ከዚያ በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ይላላል። ፈረንጅ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሰቅሎ የሚያቆየው ለዚህ ነው። ለጥሬማ ትኩሱን የመሰለ የለም፣ እሱን አልከራከርም።

ስለዚህ ሳትሄጂ እዚሁ ተለማመጂበት። ጭቅና ግዢ። ካጣሽ ሽንጥ፣ ሽፋኑ ተገፎ። ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ቀን አሳድሪውና ልጁ እንዳለው ጥበሺው። ከሰል ላይ ከሆነ ፍሙ ነጭ አመድ እስኪለብስ ጠብቂ።

እኔም ልጠይቅ፣ የመንደራ ልጅ። የእንስሳውን ፎቶ አየሁት፣ ጀርባው ላይ ትልቅ ሻኛ አለው። እንደኛው ሻኛ ይቆረጣል ወይ?

የመንደራ ልጅ

ጋሼ፣ እንደኛው አይደለም። ከጀርባ አጥንቱ ወደ ላይ የበቀሉ ረጃጅም አጥንቶች አሉ፣ ሻኛ የሚመስለው በነሱ ላይ የተያያዘው ጡንቻ ነው። በክረምት ያን ትልቅ ጭንቅላት እያወዛወዘ በረዶ ጠርጎ ሣር የሚፈልገው በሱ ጉልበት ነው። ሲሠራ የኖረ ጡንቻ ስለሆነ ለጥሬ አይሆንም። ድስት ውስጥ በዝግታ ቢበስል ግን ግሩም ነው።

የሂርማታዋ እናት

ተባረኩ። ግን ሁለት ቀን ያደረ ሥጋ ልጠብስ? ጎረቤት ቢያይ ምን ይለኛል! እሺ፣ እሞክረዋለሁ።

አንድ ነገር አልተዋጠልኝም። ቴርሞሜትሩ 63 ሲል መሐሉ ቀላ ብሎ ይቀራል አይደል? ደም ያለው ሥጋ ለአራስ ልስጥ? ደግሞ ልጄ ክትፎ አምሮኛል ብላለች፣ ፍሪዘሩ ውስጥ የተፈጨ ባይሰንም አለ። ለብለብ ባደርገውስ?

የአጂፕ ነርስ (ጅማ)

እማማ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ቀዩ ፈሳሽ ደም አይደለም። ደሙ ሲታረድ ወጥቷል። ማዮግሎቢን የሚባል የጡንቻ ፕሮቲን ነው፣ ባይሰንን ያጠቆረውም እሱ ነው። ሙሉው ቁራጭ ላይ ጀርም የሚቀመጠው ላዩ ላይ ስለሆነ እሳቱ ያገኘዋል።

የተፈጨው ግን ሌላ ነገር ነው። ሲፈጭ የላዩ ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የሱቅ የተፈጨ ሥጋ 71 ዲግሪ መድረስ አለበት። ለብለብ አይበቃውም። ክትፎ ለብለብ የሚሉት እዚያ ሙቀት አጠገብም አይደርስም። በደንብ ይብሰል፣ በሚጥሚጣና በቅቤ ይታሽ፣ ልጅዎም ትወደዋለች።

አሁን ስለ አማችዎ። ግማሹ ልክ ነው። ቀዩን ብቻ ለይተው የጠበሱት 100 ግራም ባይሰን ወደ 28 ግራም ፕሮቲን አለው። ስቡ እንደ ብልቱ ከ2 እስከ 6 ግራም ቢሆን ነው። ብረቱ ወደ 3.4 ሚሊግራም ይጠጋል። ለምታጠባ እናት በቀን የሚመከረው 9 ሚሊግራም ነው። ስትወልድ ብዙ ደም ከፈሰሳት ግን ሥጋ ብቻውን አይተካውም፣ ሐኪሟ ያዘዘላትን እንክብል እንዳታቋርጥ ይንገሯት። ቫይታሚን ቢ12 ከአንድ ቁራጭ የቀኑን ታገኛለች።

"ስብ የለውም" ማለት ግን "ኮሌስትሮል የለውም" ማለት አይደለም። 100 ግራሙ ውስጥ ወደ 80 ሚሊግራም ኮሌስትሮል አለ፣ ከበሬ ብዙም አይርቅም። የሚቀንሰው ስቡ ነው። ያንን ደግሞ እኛ በማንኪያ ቅቤ መልሰን እንሞላዋለን! አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ከስቴኩ ራሱ የበለጠ ስብ አለው። ለአራሷ ግድ የለም፣ ጉልበት ትፈልጋለች። አብረው ለሚበሉት ነው የምናገረው። አማችዎ "ጤናማ ነው" እያለ በቀን ሁለቴ እንዳይበላውም ይንገሩት። የካንሰር ተመራማሪዎች የሚመክሩት የቀይ ሥጋ ልክ በሳምንት ከበሰለ በኋላ ቢበዛ ግማሽ ኪሎ ነው፣ ባይሰንም ቀይ ሥጋ ነው።

ጅማ ተቀምጬ ይሄን ማለቴ ያስወግረኛል፣ ግን ቡናውን ከምግቡ ጋር አያፍሉላት። ቡናና ሻይ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይይዙታል። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይፈላ። ለምታጠባም ብዙ ስኒ አይደለም።

የቡና በር (ጅማ)

ለሙስሊም አንባቢዎች አንድ ነገር። እንስሳው ሐላል ነው፣ ወሳኙ አስተራረዱ ነው። የሱቅ ሥጋ ሐላል የሚል ምልክት ከሌለው ጠይቁ። እናታችን፣ መብሩክ፣ አላህ ያሳድግላችሁ።

የሂርማታዋ እናት

አሜን ልጄ። ጭቅናውን ሞከርኩት። ፍሪጅ ውስጥ አሳድሬ፣ ብረት መጥበሻ ላይ፣ እንደተባለው ቅቤው መጨረሻ ላይ። ቤቱ በጭስ ተሞላ፣ ባለቤቴ ሳል ጀመረው። ሲቆረጥ ግን ቢላዋው አልታገለም። ባለቤቴ መጀመሪያ "አልበሰለም" ብሎ ገፋ አደረገው፣ ቀምሶ ዝም አለ፣ ከዚያ የኔንም አነሳ።

አሁን የቀረኝ አጥንቱ ነው። ለአራስ ቅቅል ሳላጠጣ አልመለስም። ከባይሰን ቅልጥም ይሆናል? ደግሞ ስቴኩ ቢተርፍ እንዴት ነው የሚሞቀው?

የመንደራ ልጅ

ቅልጥሙ ይሆናል እንጂ! እሱ ላይ የስቴኩን ሕግ ይርሱት። እሳቱ ዝቅ ይበል፣ ውሃው ይብዛ፣ ሦስት ሰዓትም ከዚያም በላይ ይቆይ። ጅማቱ የሚሟሟው በዝግታ ነው። ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ላይ ናት፣ ከጅማ ብዙ አትለይም። በሁለቱም ከተማ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው፣ ስለዚህ የለመዱት ሰዓት አይለወጥብዎትም። መጽሐፍ ላይ ለዝቅተኛ አገር የተጻፈውን ሰዓት ካመኑ ግን ጥሬ ያገኙታል።

የተረፈ ስቴክ አይሞቅም። ማይክሮዌቭ ውስጥ ከገባ ያው ሶል ነው። ከፍሪጅ እንዳወጡት በስሱ ይክተፉት፣ ቃሪያና ሽንኩርት ይጨምሩበት፣ በአዋዜ ይለውሱት፣ በእንጀራ ያቅርቡት።