«መዝገብ»፣ «ድልብ»፣ «ቅርስ»፦ ተቀብሮ ለተገኘ ወርቅ የትኛው ይስማማል?

ጥያቄ፦ በማቴዎስ ወንጌል «መንግሥተ ሰማያት በእርሻ ውስጥ የተሰወረውን መዝገብ ትመስላለች» ይላል። መዝገብ የምናውቀው በጽሕፈት ቤት ነውና በእርሻ ውስጥ ምን ያደርጋል? የምታውቁ ብታብራሩልኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቃሉ «ዘገበ» ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ ትርጉሙም ሰበሰበ፣ አከማቸ ማለት ነው። በዚያው ወንጌል «ኢትዝግቡ ለክሙ መዝገበ በዲበ ምድር» ሲል ግሡንና ስሙን ጎን ለጎን እናገኛቸዋለን። ስለዚህ በጥንቱ ፍቺ መዝገብ የተከማቸው ሀብት ራሱ ወይም የሚቀመጥበት ስፍራ ነው፤ ስሙን ለሀብቱ መቁጠሪያ ወረቀት የሰጠነው በኋላ ነው። ዛሬ ዜና «ዘገበ» የምንለውም ከዚሁ ሥር ነው፤ «መዝገበ ቃላት» ደግሞ የቃላት ግምጃ ቤት ማለት ነው።

ለእኔ የቃሉን ፍቺ ከሁሉ አብልጦ የሚያሳየው በየመን ምድር፣ ከኤደን በስተምዕራብ አል ማድሃሪባ በተባለ ቦታ የተገኘው 1,194 የወርቅ ሳንቲም ነው፤ 868ቱ የአክሱም ነገሥታት፣ 326ቱ የሮም ናቸው። ባሕር ተሻግሮ የሄደውን ይህን ወርቅ የሸሸገው ሰው ለማንም አላወረሰውም፤ ስለዚህ መሬት ውስጥ ሳለ መዝገብ እንጂ ቅርስ ነበር ለማለት ይከብደኛል። «ድልብ» ብዛቱን ብቻ ይነግረናል፤ ድልብ ገንዘብ ባንክም ይቀመጣል። «ቅርስ» በቀድሞው የቤት አነጋገር ለክፉ ቀን የተቀመጠ ጥሪት ነበር፤ እንደ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ባሉ ሕጎች ግን የአገር ታሪክ ምስክር የሆነውን ሁሉ ይሸፍናል።

ተጨማሪ መልስ፦ በዚህ ላይ «የጠፋ ቅርስ» የሚለውን አጠራር እንመርምር። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደውን ሁሉ «ጠፋ» እንላለን፤ ነገር ግን በብሪቲሽ ሙዚየም ለሕዝብ እይታ ሳይቀርቡ የተቀመጡት 11 ታቦታት፣ አብዛኞቹ ከመቅደላ የሄዱት፣ ያሉበት ስፍራ የታወቀ ነው። ለእነዚህ ትክክለኛው ቃል «የተዘረፈ» ነው፤ «ጠፋ» ስንል የወሰደውን ሰው ከዓረፍተ ነገሩ እናወጣዋለን። በኤድንብራ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ሳይታወቅ ኖሮ በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ የተመለሰው ታቦት ግን በሁለቱም ቃላት ሊጠራ ይችላል፤ ተዘርፎም ነበር፣ ጠፍቶም ተገኝቷል።