የደረቀ የሙዚየም ወፍና በሕይወት ያለ ወፍ፦ ልኬታቸው በቀጥታ ይወዳደራል?

ላስታ_ገደል፦ ሰላም ናችሁ። በላሊበላና በአቡነ ዮሴፍ ገደሎች የሚኖሩትን ማጅራተ ነጭ ርግቦች በመረብ ይዘን፣ ለክተን እንለቃለን። ፈቃድ አለን። ክንፋቸው ደርቀው ሙዚየም ከተቀመጡት የድሮ ናሙናዎች በጥቂት ሚሊ ሜትር ረዝሞ ተገኘ። ርግቦቹ ከድሮው ገዝፈዋል ማለት እንችላለን?

ጦሳ፦ ገና ነው። ናሙና ሲደርቅ ላባው አያጥርም፤ የሚኮማተረው የክንፉ መገጣጠሚያና ቆዳ ነው። በብዙ ዝርያዎች ክንፍ ከ1 እስከ 3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ክንፉ 230 ሚሊ ሜትር ቢሆን 2 በመቶው 4.6 ነው፤ ያያችሁት ልዩነት በሙሉ ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

ከዚያ በፊት ግን አለካካችሁን ንገሩኝ። ሕያው ወፍ ክንፉ ማስመሪያው ላይ ተጭኖ፣ ተዘርግቶና ተቃንቶ ይለካል። የደረቀው እንዲህ ከተደረገ ሊሰበር ይችላል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሳይጫኑት፣ ተፈጥሯዊ ጉብጠቱን እንደያዘ ነው የሚለካው። የሁለቱ ዘዴ ልዩነት መድረቅ ከሚያመጣው ሊበልጥ ይችላል። ሕያዋኑንም ሳትጫኑ ልኩ። ዜሮው ላይ መግቻ ያለው ማስመሪያ ተጠቀሙ፤ የክንፉ መታጠፊያ መግቻውን ነክቶ ይቁም።

አርዲቦ፦ ጦሳ ያለው ትክክል ነው። እኔ በመንቆሩ ላይ ልጨምር፤ ርግብ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የመንቆሯ ሥር ለስላሳ ሥጋ ስለሆነ ሲደርቅ ይሟሽሻል። የግንባሩ ላባ ከሚያልቅበት ጀምራችሁ ከለካችሁ መነሻው ራሱ ይንቀሳቀስባችኋል። ጠንካራው ክፍል ከሚጀምርበት እስከ ጫፉ በካሊፐር ልኩ። የእግር አጥንት ብዙም አይለወጥም፤ ለንጽጽር ከክንፍ ይልቅ እሱን እመኑ። የደረቀ ናሙና ክብደት ምንም አይነግራችሁም።

ሌላው ጾታ ነው። የናሙናው መለያ ወረቀት ወንድ ወይም ሴት ይላል፤ ሕያዋኑ ርግቦች ግን በመልክ አይለዩም። ወንዶቹ ስለሚገዝፉ፣ ወንድ የበዛበትን ስብስብ ከተቀላቀለ ቡድን ጋር ማወዳደር ያሳስታል። የላባ ሥር ወስዶ በዘረመል ምርመራ ጾታቸው ይታወቃል።

ሐይቅ_ዳር፦ አብሽሩ፣ መፍትሔ አለው። ሞተው የተገኙ ርግቦችን ትኩስ ሳሉ ልኩ፣ ናሙና አዘጋጁ፣ ደርቀው ሲያበቁ ያው ሰው እንደገና ይለካ። ለእያንዳንዱ ወፍ ትኩሱን ለደረቁ አካፍሉና አማካዩን ውሰዱ፤ የሙዚየሙን ልኬት በዚያ ታባዙታላችሁ። 15 ያህል ወፍ ካላገኛችሁ ማስተካከያው አያስተማምንም። ከሌላ ዝርያ የተወሰደ ቁጥርም አትዋሱ።

ላባ የሚቀይሩትን ለዩ፦ የውጨኛው የክንፍ ላባ ሥር ላይ ሽፋን ካለ ገና እያደገ ነው፣ ያ ወፍ ከንጽጽሩ ይውጣ። ወቅቱን ስታነጻጽሩም ተጠንቀቁ። የውጭ ሰብሳቢዎች፣ ለምሳሌ በ1868 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጦር ጋር እስከ መቅደላ የዘለቀው ብላንፎርድ፣ ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፉት። የእናንተ መዝገብ በእኛ ከሆነ አንዱን ለውጡ።

የድሮ ናሙና አርሴኒክ በተባለ መርዝ የታከመ ሊሆን ይችላል፤ ያለ ጓንት አትንኩት።

ላስታ_ገደል፦ አላህ ይስጥልን። ክንፉን ተጭነን ነበር የለካነው፤ ሳንጫን እንደግመዋለን።