ቴርሞሜትሩ 0.6 ዲግሪ አብዝቶ ያነባል፤ ማረም ካልተቻለ ኢ-እርግጠኝነቱ እንዴት ይሰላል?

ጠያቂ (የመጋዘን ፋርማሲስት)፦
ጤና ይስጥልኝ። የክትባት ማቀዝቀዣችን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መቆየት አለበት። የቴርሞሜትሩ የካሊብሬሽን (ከማመሳከሪያ መለኪያ ጋር የማነጻጸር) ሰርተፍኬት 5 ዲግሪ ላይ 0.6 አብዝቶ እንደሚያነብ፣ የልኬት ኢ-እርግጠኝነቱም (እውነተኛው ዋጋ ከውጤቱ ግራና ቀኝ ሊገኝ የሚችልበት ስፋት) ±0.3 (ማባዣው 2፣ ማለትም መደበኛው ኢ-እርግጠኝነት በ2 ተባዝቶ) እንደሆነ ይገልጻል። መሣሪያው ማስተካከያ የለውም፤ የማንቂያ ደወሉም የሚሠራው ባልታረመው ንባብ ነው። 0.6ን በ√3 አካፍዬ ከሌሎቹ የኢ-እርግጠኝነት ምንጮች ጋር ላጠቃልለው?

የካሊብሬሽን ቴክኒሻን፦
አያካፍሉት። በ√3 የሚካፈለው ወዴት እንደሚያጋድል የማይታወቅ ስህተት ነው፤ የእርስዎ ግን መጠኑም አቅጣጫውም ታውቋል። ጂዩኤም የሚባለው ዓለም አቀፍ የልኬት ኢ-እርግጠኝነት መመሪያም የታወቀ ጉልህ ስህተት አስቀድሞ እንዲታረም ይጠብቃል። መዝገቡ ላይ የታረመ ንባብ የሚጻፍበት ዓምድ ይጨምሩ።

የላቦራቶሪ ጥራት ኃላፊ፦
መዝገቡ ይታረም፤ ደወሉ ግን እንደነበረ ነው፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። በቁጥር እንየው። ከሰርተፍኬቱ 0.15 (0.3 ለ2 ተካፍሎ)፣ ከ0.1 የማሳያ እርከን 0.03 (ግማሹ 0.05 በ√3 ተካፍሎ)፣ ለንባብ መዋዠቅ ደግሞ 0.10 እንውሰድ። ካሬዎቻቸው ተደምረው ሥሩ ሲወጣ 0.18፣ በ2 ሲባዛ 0.37 ይሆናል። ማሳያው 2.3 ሲል እውነተኛው ሙቀት 1.7 አካባቢ ነው፤ እስከ 1.33 ሊወርድም ይችላል። በእርስዎ ስሌት፣ 0.6 በ√3 ተካፍሎ አብሮ ሲጠቃለል፣ ±0.78 ስለሚመጣ የታችኛው ጫፍ 1.52 ላይ ይቆማል፤ ወደ ላይ ደግሞ እስከ 3.08 ያለ ምክንያት ይለጠጣል። አደጋው ያለበትን ወገን ነው ሳይሸፍን የቀረው! የሄፓታይተስ ቢና የፔንታቫለንት (አምስት በአንድ) ክትባቶች በረዶ ከሠሩ ይበላሻሉና ይህን በቀላሉ ማለፍ አይገባም።

ስለዚህ ወደ ታች 0.6ንና 0.37ን በቀጥታ ደምረው 0.97 ይውሰዱ። ወደ ላይ 0.37 ከ0.6 ስለሚያንስ ዜሮ ይያዝ። የደወሉን የታች ገደብ 3.0 ያድርጉት፤ የላዩ 8.0 እንዳለ ይቆይ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሰርተፍኬቱ 0 ዲግሪ ላይ 0.4፣ 10 ላይ 0.8 ይላል። ይህስ?

የካሊብሬሽን ቴክኒሻን፦
ከ2 እስከ 8 ባለው ክልል ስህተቱ ከ0.48 እስከ 0.72 ይሆናል ማለት ነው። አማካዩ 0.6 ነው፤ ከእርሱ የሚያፈነግጠው ±0.12 ግን በ√3 ይካፈላል፤ 0.07 ይመጣል። እርሱ ሲጨመር 0.37 የነበረው 0.39፣ የታችኛው ድምር ደግሞ 0.99 ይሆናል። የ3.0 ገደብ አሁንም ይበቃል። ሰርተፍኬቱ ሲታደስ ስህተቱ ከተለወጠ ግን ገደቡን በዚያው ቀን ያስተካክሉ።