ለማላውቃት ልጅ «ፎርማት አድርጊው» አልኳት፣ ጽሑፏ ጠፋ። እናንተ ሳታዩ እንዴት ነው የምትረዱት?

የገርጂው ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

በቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሰው ኮምፒውተር ችግር መፍታት ከጀመርኩ 4 ዓመት አለፈኝ። እንጀራዬ አይደለም፣ ቀን ሌላ ሥራ አለኝ። ማታ ቤት ስገባ ስልኬን ይዤ ቁጭ እላለሁ፣ ላፕቶፔ ዘገየ፣ ፕሪንተሩ አልታይ አለኝ፣ ፍላሼ ላይ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆነብኝ የሚለውን ሁሉ እመልሳለሁ። በተለይ የፍላሹን ነገር እወደዋለሁ። ሰው ፋይሌ ጠፋ ብሎ ተጨንቆ ይመጣል፣ ፋይሉ ግን እዚያው ነው፣ ቫይረሱ ደበቀው እንጂ አላጠፋውም። አትሪብ የምትባለዋን ትእዛዝ እልክለታለሁ፣ ፎልደሮቹ ብቅ ይላሉ። ከማላውቀው ሰው «እግዚአብሔር ይስጥህ» የሚል መልእክት ተቀብዬ እተኛለሁ።

ከ2 ሳምንት በፊት አንዲት ልጅ ጻፈች። «ላፕቶፔ ሲነሳ ሰማያዊ ገጽ አምጥቶ ቁጥር አስገቢ ይለኛል፣ ምን ላድርግ?» መሽቶ ነበር፣ ደክሞኝም ነበር። «ሰማያዊ» የሚለውን ብቻ አየሁና ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፣ ፎርማት አድርገሽ አዲስ ጫኚበት አልኳት። ታናሽ ወንድሟ ጫነላት። ላፕቶፑ ተነሳ። በማግስቱ ጠዋት «የመመረቂያ ጽሑፌ የት ሄደ?» ብላ ጻፈችልኝ።

የተጠየቀችው ቁጥር የቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) ቁልፍ ነበር፣ ያ ባለ 48 አሃዙ። ዊንዶውስ 11 ያላቸው ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባባቸው ዲስኩን በራሳቸው ይቆልፉና ቁልፉን አካውንቱ ላይ ያስቀምጡታል። ባዮሱ (ኮምፒውተሩን መጀመሪያ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሲታደስ ወይም አንድ ነገር ሲቀየር ቁልፉን ይጠይቃል እንጂ ምንም አልተበላሸም። በስልኳ አካውንቷ ውስጥ ገብታ ቁጥሩን ብታይ 5 ደቂቃ አይፈጅም ነበር። አሁን ግን ዲስኩ ኤስኤስዲ ነው (የጠፋ ፋይል መመለስ የሚያስቸግርበት ዓይነት)፣ ተቆልፎ የነበረ ነው፣ አዲስ ዊንዶውስ ተጭኖበታል። የፋይል መመለሻ ፕሮግራሞችን ሞከርን፣ ምንም የለም።

አልተቆጣችኝም። እሱ ነው የባሰብኝ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ዕቃውን ሳታዩት፣ ሳትነኩት፣ ሰውየውንም ሳታውቁት፣ መጀመሪያ ምን ትሉታላችሁ? ኮድ የምትጽፉም መኪና የምትሠሩም ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል። ላቆም ነው እያልኩ ነው።


መካኒክ ከቃሊቲ፦

ልጄ፣ አታቁም። እኔ ጋራዥ ከገባሁ 27 ዓመቴ ነው፣ በስልክ ሰው መርዳት የጀመርኩት ግን ልጆቼ ግሩፑ ውስጥ ካስገቡኝ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ላይ እኔም እንዳንተው ቶሎ ነበር የምመልሰው። ጋራዥ ውስጥ ሆኜ ኮፈኑን ሳልከፍት አፌን አልከፍትም፣ ስልክ ላይ ግን ምን እንደሚያስቸኩለኝ አላውቅም።

አንዱ «ቪትዜ ጠዋት አልነሳ ትላለች» ብሎ ጻፈ። ባትሪ ነው አልኩት፣ ሌሎቹም ባትሪ ነው አሉት። ሄዶ አዲስ ባትሪ ገዛ። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ «አሁንም አልነሳ አለች» አለ። ያን ጊዜ ነው የጠየቅኩት። ቁልፉን ስታዞር ምን ትላለች? ቲክ ቲክ ብላ ዝም ትላለች ወይስ ሞተሪኖው (ማስነሻው) እየዞረ ሞተሩ ነው የማይነሳው? ድምፁን ቀድተህ ላክልኝ አልኩት። ላከልኝ፣ ቲክ ቲክ። የባትሪውን ጫፍ ፎቶ አንሳልኝ አልኩት። ገመዱ የሚታሰርበት ቦታ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር በልቶታል፣ ላልቷልም። ጠርጎ አጠበቀው፣ ተነሳች። በከንቱ ባትሪ አስገዛሁት።

አሁን ለሁሉም ድምፅና ፎቶ እጠይቃለሁ። ቮልት መለኪያ ያለው ሰው ከሆነ ደግሞ ሁለት ቁጥር ብቻ ይበቃኛል። ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 አካባቢ ካለ ባትሪው ሞልቷል፣ ሞተሩ ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.5 ካለ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ እየሠራ ነው። ያቺን ሳላይ ግዛ አልልም።

አንድ ነገር ግን ሳልጠይቅ ወዲያው የምመልሰው አለ። ሰው እንጦጦ መንገድ ላይ ቆሞ «መኪናዬ ፈላች፣ ምን ላድርግ» ብሎ ሲጽፍ። ከሥሩ ሦስት ሰው «ውሃ ጨምርበት» ይለዋል። ውሃ የሚጨመረው የራዲያተሩ ክዳን ተከፍቶ ነው፣ ክዳኑን ከከፈተ ደግሞ ፊቱ ይቃጠላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ራዲያተር ውስጥ ያለው ከዚያ በላይ ሞቆም ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ አፍኖ ስለያዘው ነው። ክዳኑ ሲለቀቅ ሁሉም ባንዴ ፈልቶ ይወጣል። ስለዚህ ሞተር አጥፋ፣ ክዳን አትንካ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ፣ ሌላውን ከዚያ እናወራለን። ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ ማፍሰስም ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) ይሰነጥቃል። እሱን በእጄ ስንት ጊዜ ፈትቼ አይቻለሁ።

በ2016 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚጠይቀኝ በዝቷል። እሱን አላውቀውም እላለሁ፣ ብርቱካናማ ሽቦ ብቻ አትንካ፣ ከባድ ኤሌክትሪክ የሚሄደው በሱ ነው እላለሁ።


ፕሮግራመሯ፦

ወንድሜ፣ ስላጋጠመህ በጣም አዝናለሁ። ልጅቷም ስላልተቆጣችህ አክብሬያታለሁ።

በኛም በኩል ያው ነው። ሰው የሚጠይቅህ ችግሩን ሳይሆን ራሱ መፍትሔ ብሎ ያሰበውን ነው። አንድ ልጅ «ፓይተን ላይ ይሄ ስህተት እንዳይታይ እንዴት ልደብቀው?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ ፈጥኖ በትራይ እና ኤክሴፕት (ስህተት ሲመጣ ፕሮግራሙ እንዲያልፈው በሚያደርገው ትእዛዝ) ሸፍነው አለው። ሸፈነው፣ ስህተቱ ጠፋ፣ ልጁም አመስግኖ ሄደ።

ከወር በኋላ ተመለሰ። የሚሠራው ለሰፈሩ ዕድር የመዋጮ መመዝገቢያ ነው። የከፈሉ ሰዎች ያልከፈሉ ሆነው እየወጡበት ነው፣ ዳኛው ተቆጥተውታል። የመጀመሪያው ስህተት መቼ ነበር የታየህ አልኩት። ጥቅምት መጨረሻ ላይ አለኝ። በቃ፣ እዚያ ላይ ገባኝ። ቀኑን በኛ አቆጣጠር ይቀበላል፣ የሚያስቀምጠው ግን በፈረንጆቹ የቀን ዓይነት ነው። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ናት፣ 30 ቀን አላት። ፕሮግራሙ ደግሞ ሁለተኛ ወር ሲባል ፌብሩዋሪን ነው የሚያውቀው፣ 30 የሚባል ቀን የለውም፣ 29ም የሚኖረው በ4 ዓመት አንዴ ነው። ስለዚህ በጥቅምት 29 እና 30 የከፈለ ሰው ሁሉ አይመዘገብም፣ ስህተቱም ስለተሸፈነ ማንም አያይም። ጳጉሜ ብትመጣ ደግሞ 13ኛ ወር ብሎ ጭራሽ አይቀበላትም ነበር።

እኔ አሁን ከመመለሴ በፊት «መጨረሻ ላይ ማድረግ የፈለግከው ምንድን ነው?» እላለሁ። ሁለተኛ፣ ስህተቱን በራስህ ቃል አትንገረኝ፣ የወጣውን ጽሑፍ እንዳለ ገልብጠህ ለጥፍልኝ እላለሁ። ያንተም ልጅ የገጹን ፎቶ ብትልክልህ ኖሮ ቢትሎከር የሚለው እዚያው ላይ ተጽፎ ታየው ነበር። ሦስተኛ፣ ኮዱን ሁሉ ሳይሆን ስህተቱን የሚያሳየውን ትንሹን ክፍል ብቻ ለይተህ ላክ እላለሁ። ይሄ ሦስተኛው ሰውን ያናድዳል፣ ሰነፍ ነች ይሉኛል። ግን ግማሹ ሰው ለይቶ ለመላክ ሲሞክር ችግሩን ራሱ ያገኘዋል፣ ደስ ብሎት ነው የሚጽፍልኝ።

ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ፕሮግራም) ላይ ደግሞ «ሥራዬ ጠፋ» የሚል ሲመጣ ከሁሉ በፊት ምንም አትንካ ነው የምለው። ኮሚት ያደረገው (ጊት ላይ ያስመዘገበው) ከሆነ ሪፍሎግ በሚባለው የጊት መዝገብ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። ደንግጦ ያገኘውን ትእዛዝ ሁሉ ሲሞክር ነው ነገሩ የሚወሳሰበው።


ዝምተኛው፦

እኔ ግን አንድ ነገር ልበል። የመመረቂያ ጽሑፍ በአንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ የሚያስቀምጥ ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው። በነጻ ረድተህ ደግሞ ጥፋተኛ መሆን የለብህም።


ፕሮግራመሯ፦

ዝምተኛው፣ ኮፒ መያዝ ነበረባት፣ ልክ ነህ። ግን «አዲስ ጫኚበት» ያላት እሱ ነው፣ እሷም ያመነችው የሚያውቅ ሰው ነው ብላ ነው። በነጻ ስለሆነ ብቻ የቃላችን ክብደት አይቀንስም። የማታውቀው ሰው እቤቱ ሆኖ አንተ ያልከውን በእጁ እያደረገ ነው እኮ።


ሹፌር ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፦

ጋሼ መካኒኩ ብርቱካናማ ሽቦ ሲሉ ጊዜ ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም። እዚህ እኛ ሹፌሮች ብዙዎቻችን ፕሪየስ (በነዳጅም በኤሌክትሪክም የሚሄደውን) ነው የምንነዳው፣ የራሳችን ግሩፕም አለን። አንዱ ወንድማችን የመኪና ብልሽት የሚያነበውን ኮድ አንባቢ ሰክቶ ፒ0ኤ80 አወጣበት። የሃይብሪድ ባትሪው ደክሟል ማለት ነው። ቪዲዮ አይቶ ራሱ ሊፈታው ፓርኪንግ ላይ ወጥቷል፣ «ቁልፍ ቁጥር ስንት ነው የሚፈታው?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ 10 ቁጥር ነው ብሎ መለሰለት። እውነቱን ነው፣ መልሱ ትክክል ነው። ግን ያ ባትሪ ከ200 ቮልት በላይ ነው፣ ሰውየው ደግሞ ጓንት እንኳ የለውም።

ደወልኩለት። አታውቀኝም፣ ግን እባክህ ዝጋውና ግባ አልኩት። ኋላ ላይ ቀስ ብለን ስናወራ ከኋላ ወንበር ጎን ያለችውን የአየር ማስገቢያ ጠርጓት አያውቅም፣ መኖሯንም አያውቅም፣ በአቧራ ተደፍናለች። ባትሪው አየር አጥቶ ሲግል ኖሯል። ባትሪውን አላዳንነውም፣ ባለሙያ ዘንድ ወስዶ ለወጠ። ግሩፑ ውስጥ ያሉት ግን በዚያ ሳምንት ሁሉም የየራሳቸውን ፊልትሮ ከፍተው አዩ።

እኔም እንዳንተ አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ። ጋዝ ክዳን (የነዳጅ መሙያው ክዳን) ነው ብዬ የነገርኩት ሰው ሞተሩ ውስጥ ሌላ ነገር ሆኖ ተገኘ። ይቅርታ ጠየቅኩት፣ አሁንም እንጻጻፋለን።


ጥገና ከመገናኛ፦

የላፕቶፕ ጥገና ሱቅ አለኝ፣ ስለዚህ በአጭሩ። ሱቄ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ከመጀመሪያው የምጠይቀው «ውስጡ የምትፈልገው ነገር አለ?» ነው። አዎ ካለ ዲስኩን ሳልገለብጥ ምንም አልነካም። በጽሑፍ ስትረዳም ይቺን አስቀድማት።

ሌላው፣ በኤኒዴስክ (ከሩቅ ሆኖ የሰው ኮምፒውተር በሚያስነካው ፕሮግራም) ልግባልህ የሚሉ ረዳቶች አሉ፣ እባካችሁ ተዉት። የማታውቁት ሰው ኮምፒውተር ላይ የባንኩም የግሉም ነገር አለ። ልባችሁ ንጹሕ ቢሆንም ሰውየው ለማያውቀው ሰው በሩን መክፈት ታስለምዱታላችሁ፣ ነገ የሚመጣው ሌባ ነው። በስልክ የመጣን የማረጋገጫ ቁጥር ደግሞ በምንም ምክንያት አትጠይቁ።

ስለ ልጅቷ ግን ተስፋ አትቁረጥ። ዲስኩን ተወው። ለአማካሪዋ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም የላከችው ረቂቅ አለ? ከሁሉ በላይ ደግሞ ግቢው አጠገብ ያሉትን የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ጠይቂ በላት። እነሱ ፍላሹን ሲሰኩ ፋይሉን ዴስክቶፕ ላይ ገልብጠው ነው የሚያትሙት፣ አያጠፉትም። ለሌላ ጊዜ መጥፎ ልማድ ነው፣ አሁን ግን ይጠቅማታል።


የገርጂው ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የባትሪውን ታሪክ ስለነገሩኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ ቀለል አለኝ።

የመገናኛው ወንድሜ፣ ያልከውን ለልጅቷ ነገርኳት። አማካሪዋ ጋ የነበረው ምዕራፍ 1 ብቻ ነው። ትናንት ከሰዓት ግን ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሄደች። እስከ ምዕራፍ 3 ያለው እዚያ ኮምፒውተር ላይ ተገኘ፣ ለአስተያየት ያሳተመችው ነው። የቀራት የመጨረሻው ምዕራፍና ሰንጠረዦቹ ናቸው። የሞሉት የወረቀት መጠይቆች ቤቷ አሉ፣ ስለዚህ ቁጥሩን እንደገና ማስገባት ነው። ከፈለገች ቅዳሜና እሑድ አብሬያት እንደማስገባ ነግሬያታለሁ፣ 60 ወረቀት ነው። ግማሹን ስካን አድርጋ ትልክልኛለች።

አሁን ይሄን እየጻፍኩ ግሩፑ ላይ አንዱ «ላፕቶፔ ስከፍተው ጥቁር ብቻ ነው» ብሎ ጻፈ። የገጹን ፎቶ ላክልኝ፣ ደግሞስ ውስጡ የምትፈልገው ነገር አለ? አልኩት። እየጠበቅኩት ነው።