ሙሉ ሲስተም በአርሲንክ ባክአፕ ለማድረግ፦ ኤክስተርናሉ ኤንቲኤፍኤስ ነው፣ ችግር አለው?

ከዚራ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ድሬዳዋ ያለ መድኃኒት ቤት የሽያጭና የስቶክ ፕሮግራሙን የሚያሠራው በአንድ ኡቡንቱ 22.04 ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል። ዲስኩ 500 ጊጋባይት ነው፣ የተያዘው 180 ገደማ። መብራት እየሄደ እየመጣ ስለሚያሰጋ ዳታውን ብቻ ሳይሆን ሲስተሙን እንዳለ በተርሚናል ማስቀመጥ ይፈለጋል። 1 ቴራባይት ኤክስተርናል አለ፣ ፎርማቱ ኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውሱ)። ዲዲ (ዲስኩን እንዳለ የሚገለብጠው) ይሻላል አርሲንክ (ፋይል በፋይል የሚገለብጠው)? ኮምፒውተሩ ሳይዘጋስ ይቻላል?

ሳቢያን፦
አርሲንክ። ዲዲ ባዶውን ቦታ ሳይቀር 500ውንም ይገለብጣል፣ ስትመልሰውም ከዚያ የማያንስ ዲስክ ይፈልጋል። ሲስተሙ እየሠራ ከሆነ ደግሞ ኮፒው የተዘበራረቀ ይሆናል።

መጀመሪያ ግን ኤክስተርናሉን ኤክስት4 (የሊነክስ ፎርማት) አድርገው (ውስጡ ያለው ይጠፋል፣ ቀድመህ አውጣ)። ኤንቲኤፍኤስ ላይ የፋይሎቹ ባለቤትና ፐርሚሽን በትክክል አይያዝም፤ ሲመለስ ሱዶ (የአስተዳዳሪው ትእዛዝ) ራሱ አልሠራም ይልሃል።

ለአርሲንኩ ስሞል ኤ፣ ካፒታል ኤ፣ ካፒታል ኤክስ፣ ካፒታል ኤች ስጠው (ፐርሚሽኑና ሊንኮቹ እንዳሉ እንዲያዙ የሚያደርጉ አማራጮች ናቸው)። ኒውሜሪክ-አይዲስም ጨምርበት፣ በላይቭ ዩኤስቢ (ከፍላሽ በሚነሳ ሲስተም) ስትመልስ የፋይሎቹ ባለቤት እንዳይቀያየር። በኤክስክሉድ የሚወጣው በ/ፕሮክ፣ /ሲስ፣ /ዴቭ፣ /ራን፣ /ቲኤምፒ፣ /ኤምኤንቲ እና /ሚዲያ ውስጥ ያለው ነው። ፎልደሮቹ ራሳቸው ባዷቸውን መቅረት ስላለባቸው ከስማቸው ቀጥሎ ስላሽና ኮከብ አድርግ። ስዋፕ ፋይሉንም (የሜሞሪ ማገዣውን) አውጣው። ደሊት (ከዋናው የጠፋውን ከባክአፑም የሚያጠፋውን) ከመጨመርህ በፊት በስሞል ኤን ሞክር፤ ምንም ሳይነካ ሊያደርግ ያሰበውን ያሳይሃል።

ዩኤስቢ 2 ላይ 180ው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል። መሐል ላይ መብራት ከሄደ ያንኑ ትእዛዝ ድገመው፣ ያለቀውን ፋይል እየዘለለ ይቀጥላል።

ጁገል (ሐረር)፦
ሳቢያን ያለው ልክ ነው፤ ግን ኤክስተርናሉ ማውንት መሆኑን (ከሲስተሙ ጋር መያያዙን) ሳታረጋግጥ አትጀምር። ኬብሉ ላልቶ ኤክስተርናሉ ካልተያዘ የሚያያዝበት /ኤምኤንቲ/ባክአፕ ተራ ፎልደር ነው። አርሲንክ ደግሞ አይጠይቅም፤ ሁሉንም እዚያው ዋናው ዲስክ ላይ ይገለብጠዋል። ዲስኩ ሲሞላ ማይኤስኪውኤል መጻፍ ያቅተዋል፣ ሽያጩም ይቆማል። ስለዚህ የስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር የማውንትፖይንት ትእዛዝ ይሁን፣ ዲስኩ ከሌለ እዚያው ይውጣ።

ዳታቤዙንም ሽያጭ እየተካሄደ በፋይሉ ብቻ አትገልብጥ። አንዱ ፋይል የ4 ሰዓት፣ ሌላው የ4 ሰዓት ከሩብ ይሆንና ሲመለስ ላይነሳ ይችላል። በቅድሚያ ማይኤስኪውኤልደምፕ (የዳታቤዙን ቅጂ በፋይል የሚያወጣው ትእዛዝ) በሲንግል-ትራንዛክሽን አውጣ፤ ሠንጠረዦቹ ኢኖዲቢ (አንዱ የማይኤስኪውኤል የማከማቻ ዓይነት) ከሆኑ ካሸሯ ሥራዋን አታቆምም። አርሲንኩ ደምፑን አብሮ ይወስደዋል።

ከዚራ፦
ተባረኩ። ሲመለስስ፣ አዲስ ዲስክ ላይ ስለተገለበጠ ብቻ ይነሳል?

ሳቢያን፦
አይነሳም። በላይቭ ዩኤስቢ ገብተህ አዲሱን ዲስክ ፓርቲሽን አድርግ (ኮምፒውተሩ የሚነሳው በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የማስነሻ ዘዴ) ከሆነ 512 ሜጋባይት ፋት32 ለ/ቡት/ኤፊ ለይለት)፣ ከዚያ ገልብጥ። የአዲሱ ዲስክ ዩዩአይዲ (መለያ ቁጥር) የተለየ ነው፤ በቢኤልኬአይዲ ትእዛዝ አይተህ /ኢቲሲ/ኤፍኤስታብ (ሲነሳ የሚያያዙት ዲስኮች ዝርዝር) ውስጥ ቀይረው፣ ከተረሳ ኢመርጀንሲ ሞድ ላይ ይቆምብሃል። ቀጥለህ /ዴቭ፣ /ፕሮክና /ሲስን ባይንድ አድርገህ (ከአዲሱ ዲስክ ጋር አገናኝተህ) በሲኤችሩት ወደ ተመለሰው ሲስተም ግባና ማስነሻውን ለመትከል ግሩብ-ኢንስቶል፣ አፕዴት-ግሩብ በል።

ጁገል (ሐረር)፦
ይህንን በትርፍ ዲስክ ላይ ኮምፒውተሩ ደህና እያለ ሞክረው። ኤክስተርናሉንም ኮፒው ሲያልቅ አንማውንት አድርገህ ንቀለው፤ ተሰክቶ ከዋለ መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ነው የሚቃጠለው።